ወታደር መሆን ይበጃልን?

ልጅ ካደገ በኋላ ራሱን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው፥ ምን ሠርቼ እኖራለሁ የሚለው ነው። አባቱ ገበሬ የሆነ እንደ ሆነ አስቀድሞ መሬቱን ይመለከታል፤ መሬቱም ለእርሱና ለወንድሞቹ የማይበቃ መሆኑን ባየ ጊዜ ዓይኑን ወደ መንገዱ ያነሣል። ከፎንቆ የሚወጣው መንገድ ወደ ሆሳዕና ይወስዳል፤ ከሆሳዕናም ወደ ብዙ አገር ይወስዳል። ከነዚያም መንገዶች አንዱ ወደ ጦር ሠራዊት የሚያደርሰው ነው። ስለዚህ መንገድ መጻፌ፥ ከተማሪዎቼ አንዱ ስለ ጠየቀኝና የሰጠሁት መልስ የቸኰለ ስለ ነበረ ነው።

ልጁ ዕድሜው 19 ዓመት ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትኖ ማለፊያውን አላገኘም። ስለዚህ ማንም አይናቀው፤ የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ በአገሩ ሁሉ ከተፈተኑት ተማሪዎች ከመቶው ሦስት ያህሉ ብቻ ከግማሽ በላይ እንዳገኙ ሰምተናል። ይህ ልጅ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የተለጠፈውን የወታደር ምልመላ ማስታወቂያ አንብቦ ወደ እኔ መጣና፥ «መምህር፥ ልመዝገብ ወይስ ልተው?» አለኝ። እኔም የተማሪዎችን ደብተር አርም ነበርና ቀና ብዬ ሳላየው፥ «እናትህን ጠይቅ» አልሁት። እርሱም እጅ ነሥቶ ሄደ።

በነጋታው እናቱ መጣች። ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። በሀዲይሳ የነገረችኝን በዐማርኛ ሳስቀምጠው ይህን ይመስላል፤ «መምህር፥ ልጄን ወደ እኔ ሰደዱት። እኔ ምን ዐውቄ እመክረዋለሁ? ታላቅ ወንድሜን በ1980 ዓ.ም. ከገበያ አፍሰው ወሰዱት። የገዛው ጨው ገና በእጁ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ሞቷል ብሎ ያረዳኝም፥ አለ ብሎ ያበሠረኝም የለም። እኔ የማውቀው የወታደርን መሄድ ብቻ ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎትና የቀረውን እርስዎ ይንገሩት።» የምትቀመጥበትን ወንበር አቀረብሁላት፤ መልስ ግን አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት የማውቀውን ሰበሰብሁ፥ የማላውቀውንም ከዐዋቂዎች ጠየቅሁ፤ ያገኘሁት እነሆ።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ወታደርነትና ክብር ተለይተው የማይታዩ ነገሮች ነበሩ። የማዕርጎቹ ስም ራሱ ይመሰክራል። ፊታውራሪ፥ ቀኛዝማች፥ ግራዝማች፥ ደጃዝማች የተባሉት ሁሉ ሰው በዘመቻ ጊዜ የሚሰለፍበትን ስፍራ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ሻለቃም ማለት የሺህ አለቃ ማለት ነው። ከተማ የምንለውም ቃል ከተመ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፥ ጥንት ንጉሥ ወይም መኰንን ከነሠራዊቱ የሠፈረበት ስፍራ ይባልበት ነበር። ሆሳዕናም፥ የጥንት ስሟ ዋቸሞ የሆነው፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የጦር ሠፈር ሆና የተቈረቈረች ናት። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ወታደር ሊሆን የሚሄደውን ልጅ ሲመርቅ ይህን ሁሉ ክብር በልቡ ይዞ ነው የሚመርቀው።

ነገር ግን የሀዲያና የከምባታ ልጅ ይህን ታሪክ ከሁለተኛውም ወገን ሊያውቀው ይገባል። በዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወታደር በገዛ ገንዘቡ እንደማይዘምት የታወቀ ነገር አድርጎ ጽፏል፤ በእኛ አገር ግን የክተት ዐዋጅ ሲታወጅ ሰው በገዛ ስንቁ ይዘምት ነበር። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የተሰበሰበው ታላቅ ሠራዊት ከውጊያው አስቀድሞ ስንቅ እያለቀበት ሄዶ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በደቡብ አገር ለሠፈረው ወታደር ደግሞ በደመወዝ ፈንታ እንደ ማዕርጉ ገባር ይቈጠርለት ነበር። ገባሩ እህል ይሰፍርለታል፥ ማር ያገባለታል፥ እንጨት ይፈልጥለታል፥ በዘመቻ ጊዜ ስንቁን ይሸከምለታል። የአንዱ መተዳደሪያ የሌላው ዕዳ ነበረ ማለት ነው። የነዚያ ገባሮች የልጅ ልጆች በመካከላችሁ አሉ፤ የነዚያ ወታደሮች የልጅ ልጆችም አሉ፤ ዛሬ በአንድ ወንበር ተቀምጣችሁ አንድ መጽሐፍ ታነባላችሁ። ይህ ሥርዓት አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ በሕግ ተሽሯል። መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮች ወደ እርሱ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ሰውን እንዳይገፉ፥ በሐሰት እንዳይከሱና በደመወዛቸው እንዲረኩ ነው ያዘዛቸው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደመወዝ ላለው ወታደር ይነገራል፤ ደመወዙ ሰው ለሆነ ወታደር ግን እንዴት ይነገራል?

በደመወዝ የሚያድርና በትምህርት የሠለጠነ ሠራዊት ማቆም የተጀመረው ከጠላት ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የክብር ዘበኛን ቤልጆች አሠለጠኑ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በሆለታ የገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት ተከፈተ። ወጣቶቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ በ1928 ዓ.ም. በነቀምት ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር ካቆሙት ሰዎች ጋር ተቈጠሩ። ይህን የጠቀስሁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ወታደር ለመሆን የሚመዘገብ ሰው ጦርነት የሚመጣበትን ዓመት አይመርጥም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስንመለከት አገር ለወታደሩ የገባችውን ቃል አንዳንድ ጊዜ ጠብቃለች፥ ብዙ ጊዜ ግን ረስታለች። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ሄደ። ቃኘው ማለት የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። እየተተካካ የዘመተው ይህ ጦር ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ከ120 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱበት፥ ከ500 የሚበልጡ ቈሰሉበት፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከበትም። ተመላሾቹ በክብር ተቀበሉ፤ በአዲስ አበባም እስከ ዛሬ ኮሪያ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። ነገር ግን ከ1966 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ አዲሱም መንግሥት የእነዚያ ወዳጅ ስለ ሆነ፥ ከኮሙኒስቶች ጋር ተዋግተው የመጡት ሰዎች ሜዳልያቸውን ሸሽገው መኖር ግድ ሆነባቸው። ወታደሩ አልተለወጠም፤ የዘመተበት ምክንያት ግን ከኋላው ተለወጠበት።

የ1966 ዓ.ም. ነገር ራሱ የተጀመረው ከወታደር ውሃ ነው። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የሠፈሩ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተሰበረ። ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንቅዳ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ ምግባቸውም ሰው የሚበላው አልነበረም። አቤቱታቸውን እንዲሰማ የምድር ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ከአዲስ አበባ ተላከ። ወታደሮቹም ያዙትና እነርሱ የሚበሉትን እንዲበላ፥ እነርሱ የሚጠጡትን እንዲጠጣ አደረጉት። አመጹ ከዚያ ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛመተ፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ስለ መንግሥት ለውጥ መናገር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኔ የማሳያችሁ የጕድጓዱን ነገር ነው። ጐልማሳ ሰው፥ ጠመንጃ በእጁ ያለ፥ የሚጠጣውን ውሃ ለማግኘት ፈቃድ መለመን ነበረበት። ወታደር መሆን ማለት የምትበላውን፥ የምትተኛበትን፥ የምትነሣበትን ሰዓት ሌላ ሰው እንዲወስንልህ መፍቀድ ነው። አለቃው ደግ ከሆነ ይህ ቀላል ነው፤ ክፉ ከሆነ ግን እንደ ገበሬ ሞፈርህን ተሸክመህ ወደ ሌላ ጌታ አትሄድም።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። ዐዋጁ በወረቀት ላይ ሥርዓት ነበረው፤ ምዝገባ ነበረው። ጦርነቱ ሰው በበላ ቍጥር ግን ሥርዓቱ ቀርቶ አፈሳ ሆነ። አፈሳ የሚለውን ቃል ሕዝቡ ያመጣው እህል እንደሚታፈስ ሰው ሲታፈስ አይቶ ነው። የዚያች ሴት ወንድም ከነጨው የተወሰደው በዚህ ነው። በ1983 ዓ.ም. የጸደይ ወራትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ከእኛ አገር ብዙም ወደማይርቀው ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተወሰዱ፤ መንግሥቱ በግንቦት ወር ሲፈርስ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

በዚያው ግንቦት ያ ታላቅ ሠራዊት በጥቂት ቀኖች ውስጥ ተበተነ። ከ400,000 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ። ከሰሜን የጦር ግንባር እስከዚህ ድረስ በእግራቸው የመጡ አሉ። የደንብ ልብሳቸውን ሸጠው ዳቦ የገዙ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው የለመኑ ነበሩ። አዲሱ መንግሥት ለማቋቋሚያቸው ኮሚሽን አቆመ፤ ለገበሬው መሬትና በሬ፥ ለሌላውም ጥቂት ገንዘብና ሥልጠና ለመስጠት ሞከረ። ኮሚሽኑ ብዙ ሠርቷል፤ ሆኖም ለዐሥር ዓመት ትእዛዝ ብቻ ሲቀበል የኖረን ሰው በአንድ ቀን የራሱ አዛዥ ማድረግ የሚችል ኮሚሽን የለም።

በመንደራችን ከነዚያ ተመላሾች ሁለቱን ዐውቃለሁ። አንዱ በሠራዊቱ ሳለ በመኪና ጥገና ክፍል ተመድቦ ነበር። የቆሰለ መኪና እንደ ቆሰለ ሰው ነው፥ ድምፁን ስማ ይለኝ ነበር። በመጣ በዓመቱ በሆሳዕና ጋራዥ ተቀጠረ፤ ዛሬ አርጅቷል፥ ልጆቹ ግን በዚያው ሙያ ያድራሉ። ሁለተኛው ከርሱ የበለጠ ጀግና እንደ ነበረ የመጀመሪያው ራሱ ይመሰክርለታል። መትረየስ ተኳሽ ነበረ። መትረየስ መተኰስ ግን በሰላም አገር የሚገዛው የለም። ሰነፍ አልነበረም፤ የሰው ማሳ ቈፍሯል፥ ዘበኛ ሆኗል፥ ወንጂ ወርዶ ሸንኰራ ቈርጧል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ እርሱም ተጠራና ሄደ፤ እግሩ ተጐድቶ ተመለሰ። በጦርነት ልምዱ ሁለት መንግሥታት ተጠቅመዋል፤ እርሱ ግን በእርጅናው የሚደገፍበት ሙያ አላገኘም። እኔ ልጁን ወደ እነዚህ ሁለት ሰዎች ላክሁት፤ ከእኔ መልስ ይልቅ የነርሱ ደጅ ይሻላል ብዬ ነው።

አሁን ያለውን ደግሞ እንይ። ዛሬ በሕጉ መሠረት ውትድርና በፈቃድ ነው፤ ዕድሜው 18 ያልሞላው አይመለመልም። ሕገ መንግሥቱም በ87ኛው አንቀጽ የመከላከያ ሠራዊት የብሔር ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲይዝ፥ ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነትም ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። ይህ ከገባር ዘመን በጣም የራቀ ነው፤ በዚያ ዘመን ወታደሩ ወደ እኛ አገር ይመጣ ነበር፥ ዛሬ ከእኛ አገር ይወጣል። ነገር ግን ሕግና ሥራ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ከተሞች ሰዎች፥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ጭምር፥ በውትድርና ምልመላ ስም ተይዘው ማግኘቱን አስታውቋል። አፈሳ የሚለው ቃል ከመዝገበ ቃላት የሚወጣበት ቀን ገና አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሜህን በሐሰት አስጨምረህ አትመዝገብ፤ ሌላው ሰው ዕድሜህን ቢጨምርብህም ዝም አትበል።

ወዶ የገባ ምልምል በማሠልጠኛ ጥቂት ወራት ይቈያል። በሐረርጌ በኩል ሁርሶ፥ በጎጃም ብር ሸለቆ፥ በጅማ በኩል ጦላይ ከታወቁት ማሠልጠኛዎች ናቸው። ምግብ፥ ልብስ፥ መኝታና ሕክምና ከመንግሥት ነው፤ ስለዚህ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ቈጥቦ ለቤተ ሰቡ ሊልክ የሚችል ወታደር አለ። የደመወዙን ልክ እዚህ አልጽፍም፤ የገበያው ዋጋ ስለሚቀድመው መጽሐፉ ሳያረጅ ቍጥሩ ያረጃል። የሚያገለግልበት ዘመን በውል የተወሰነ ነው፤ ውሉን ሳያነቡ መፈረም ግን በእኛ አገር የተለመደ በሽታ ነው። በጡረታ በኩል ወታደሩ የተሻለ ነገር አለው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ዐዋጅ መንግሥት ለወታደሩ የሚጨምርለት መዋጮ ለሲቪል ሠራተኛው ከሚጨምርለት በእጥፍ የሚበልጥ እንዲሆን ደንግጓል። ትምህርት ለሚወድም በር አለ፤ በቢሾፍቱ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና የጤና ኮሌጆች ተከፍተው ብዙ የድሃ ልጆች መሐንዲስና ሐኪም ሆነዋል። በሩ ግን ጠባብ ነው፤ የሚገባበትም ተመርጦና ተፈትኖ ነው፤ ፈተና ጠልቶ ወደ ጦር የሄደ ልጅ ፈተናውን እዚያም ያገኘዋል።

ብዙ ወጣቶች የሚጓጉበት ሌላ ነገር አለ፤ ወታደሮች ሚሽን የሚሉት የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ ወደ ኮንጎ፥ ኋላም ወደ ሩዋንዳ፥ ወደ ቡሩንዲ፥ ወደ ላይቤሪያ፥ ወደ ዳርፉር፥ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ አብዬ ጦር ልካለች። የተባበሩት መንግሥታት ስለ አንድ ወታደር በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ይከፍላል። ልብ በሉ፤ ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ለላከው መንግሥት ነው እንጂ ለወታደሩ አይደለም፤ ለወታደሩ የሚደርሰው የላከው መንግሥት የወሰነለት ነው። ቢሆንም ከደመወዙ የተሻለ ስለ ሆነ፥ ከአንድ ጊዜ ተልእኮ ተመልሶ የቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰው አለ። ነገር ግን ከብዙ ሺህ ወታደር መካከል የሚሄደው ጥቂቱ ነው፤ በሚሽን ተስፋ ብቻ የሚመዘገብ ሰው ዕጣ እንደሚቈርጥ ሰው ነው።

አሁን ሌሎቹን መንገዶች ካላየን ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። የአባት የእንሰት ጓሮ ለአራት ወንድሞች ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቤት የሚሠራበት ብቻ ነው። አባቶቻችሁ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ወደ ወንጂ፥ ኋላም ወደ መተሐራ እየወረዱ ሸንኰራ ይቈርጡ ነበር። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ደግሞ ትልቁ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ሆኗል። በሆሳዕና ከተማ ፎቁን አይታችሁ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ብዙ ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ሰው ነው ትባላላችሁ። ፎቅ ያልሠሩት ግን ስለማይታዩ ማንም አይቈጥራቸውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ስፍራ አንድ የጭነት መኪና ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኙ። እናት ልጅዋን ከጦር ሜዳ አድናለሁ ብላ መሬት ሸጣ ለደላላ ብትሰጥ ከሞት አዳነችው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሞት አለበት ብሎ ብቻ ውትድርናን መንቀፍ አይበቃም፤ ሰው ሠርቶ ሊያድር በሚወጣባቸው መንገዶች በብዙዎቹ ላይ ሞት አለ።

ውትድርናን ከሌሎቹ የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ወንጂ የወረደ ሰው ሸንኰራ እንጂ ሰው አይቈርጥም። ደቡብ አፍሪካ የሄደ ሰው የሚያስጨንቀው በእርሱ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ወታደርን ግን በእጁ የሚሆነውም ሊያስጨንቀው ይገባል። ጠላት ከውጭ ሲመጣ ነገሩ ይቀላል፤ በአድዋና በማይጨው የቆመ ሰው ስለ ማን እንደሚሞት ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የሆነውን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። አስቀድሞ የሰሜን ዕዝ ወታደሮች በሠፈራቸው ሳሉ ተጠቁ፤ ከዚያም ለሁለት ዓመት አንድ ቋንቋ የሚሰማማ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ተዋጋ። ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ፤ ለቀድሞ ተዋጊዎች ማቋቋሚያ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370,000 የሚበልጡ ሰዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንደሚመልስ አስታወቀ። በሁለቱም ወገን የነበሩት አብዛኞቹ የእናንተ ዕድሜ ያላቸው ነበሩ።

አንድ ሰው ወታደር ሲሆን ከማን ጋር እንደሚዋጋ አይመርጥም፤ እንዴት እንደሚዋጋ ግን የሚመርጠው ነገር አለው። በ1941 ዓ.ም. የተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶች ኢትዮጵያም የተቀበለቻቸው ናቸው፤ ምርኮኛን መግደል፥ ቁስለኛን መምታት፥ ጠመንጃ ያልያዘን ሰው ማጥፋት፥ ሴትን ማዋረድ ይከለክላሉ። አለቃዬ አዞኝ ነው ማለትም ሁልጊዜ በሕግ ፊት አያድንም፤ በኅሊና ፊት ደግሞ ጨርሶ አያድንም። ያ መትረየስ ተኳሽ ጐረቤቴ ከሁሉ የሚመካበትን ነገር ስጠይቀው የገደለውን አልነገረኝም። ውሃ የሰጠውን አንድ ምርኮኛ ነገረኝ። ስለ ምርኮኛው ሲናገር ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ልጅ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ደጋግሞ ነግሮኛል፥ እንዳልሰለቸሁት ግን እርሱም ያውቃል።

እንግዲህ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ውትድርና የከበረ ሥራ ነው፤ መሸሸጊያ ግን አይደለም። ፈተና ስለ ወደቀ፥ ከእንጀራ አባቱ ስለ ተጣላ፥ ወይም የደንብ ልብስ ስላማረው የሚሄድ ልጅ በሁለተኛው ወር ይጸጸታል፤ በሁለተኛው ወር ደግሞ መመለሻ የለም። ሌላ እንጀራ ቢኖረውም ይህን ሥራ የሚመርጥ፥ ትእዛዝ መቀበል የማያሳምመው፥ ሰውነቱ የጸና፥ በቍጣው ላይ ሥልጣን ያለው ልጅ ከሆነ ግን ይሂድ፥ እኔም እመርቀዋለሁ። አገር ያለ ጠባቂ አትኖርም፤ ጠባቂዎቹ ሁሉ ሌላ ሥራ ያጡ ሰዎች ብቻ የሆኑ እንደ ሆነ ደግሞ አገሪቱ መልካም ጠባቂ አላገኘችም። ሲሄድም በሠራዊቱ ውስጥ ሳለ ጠመንጃው ሲወሰድበት የማይወሰድ ሙያ ይያዝ፤ መኪና መንዳትና መጠገን፥ ቁስል ማሰር፥ ራዲዮ መሥራት፥ ሒሳብ መያዝ፥ ግንብ መገንባት ሁሉ በሠራዊት ውስጥ አለ። ለመመደብ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ አያገኝም፤ ያልጠየቀ ግን ፈጽሞ አያገኝም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርሁት። እርሱም ከሁለቱ ሽማግሌዎች ዘንድ ሁለት ቀን ውሎ ተመለሰ። ምን እንዳሉት ጠየቅሁት። መካኒኩ ሽማግሌ ወደ ጋራዡ ወስዶ ቀኑን ሙሉ ብሎን እንዳስፈታው፥ ሁለተኛው ግን ምንም ሳይመክረው እግሩን ብቻ እንዳሳየው ነገረኝ። ከዚያም ሦስት ሳምንት ዝም አለ። እናቱም፥ እኔም አልጠየቅነውም። ዝም በማለቱ ደስ አለኝ፤ በቍጣ የሚሄድ ሰው ሦስት ሳምንት አይቈይምና።

በመጨረሻ ከእናቱ ጋር ሆኖ የምዝገባውን ቅጽ ይዞ መጣ። ፊደሉ የሚያምር ልጅ ነው። ስሙን፥ የተወለደበትን ቀንና ዓመት፥ ቀበሌውን በእውነት ሞላ። ለሙያ ምርጫ በተተወው ስፍራ የመኪና ጥገና ብሎ ጻፈ። ከታች በኩል አደጋ ቢደርስ የሚነገረው የቅርብ ዘመድ የሚል መስመር ነበረ። በዚያ ላይ ብዕሩን አቁሞ ጥቂት ቈየ፤ ከዚያም የእናቱን ስም ከነአባቷ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። እርስዋ ፊደል አትቈጥርም፤ ነገር ግን የስሟን መልክ ታውቀዋለች። ጣትዋን በመስመሩ ላይ አኑራ፥ «መምህር፥ እዚህ ላይ ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብሁላት።